የቱ ዕድል? ስለ ሼዝኒ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ዕድለኛ ሰው በ18 ዓመቱ ሁለት ክንዱን በአንድ ቀን አይሰብርም። ያውም በረኛ ሆኖ።

ነገሩን ያስነሳብኝ ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ ነው። ስለ ፖላንዳዊው ግብ ጠባቂ ስለ ቮይቼክ ሼዝኒ የተጻፈ። (አገሩ ሰዎች «ሽቼንስኒ» ነው የሚሉት። እኛ የእንግሊዝ ኮሜንታተሮችን ሰምተን ሼዝኒ አልነው። እኔም በለመድነው እቀጥላለሁ።) ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው በአባቱ ስም አርሰናል ገባ፤ በሲጋራ አርሰናልን አጣ፤ ከዚያ ጠንካራ ቡድን እየመረጠ ዋንጫ ለቀመ፤ በትልልቅ ቀናት ሁሌ ጉድ ሠራ፤ በመጨረሻም «ጡረታ ወጣሁ» ብሎ ቀልዶ ባርሴሎና ሲጠራው ሮጦ ሄደ። መደምደሚያው ደግሞ «ከሱ የበለጠ ዕድለኛ በረኛ ታይቶ አይታወቅም» የሚል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ይጥማል። አንዳንዱ ትችታቸውም ልክ ነው፣ እደርስበታለሁ። እኔ ራሴ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ሼዝኒ ከክለቡ ሲወጣ «እሰይ» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ጥብቅና የቆምኩለት በፍቅር አይደለም። ሂሳቡ ስለተዛባ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአባቱ ልጀምር። አባቱ ማቼይም በረኛ ነበር፤ ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። የፖላንድን ሊግ ከአራት የተለያዩ ክለቦች ጋር ያነሳ ሰው ነው። ዋርሶ ውስጥ ይህ ስም በር ይከፍታል፣ እሺ። ግን በ2006 መጀመሪያ ላይ የ15 ዓመቱ ልጅ ለንደን ሲደርስ ማቼይን ማን ያውቀዋል? የያኔው የአርሰናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር የአባት ስም አይተው በረኛ አያሰልፉም።

ኖቬምበር 2008 ላይ ደግሞ ያ ነገር መጣ። ጂም ውስጥ ብረት ሲያነሳ ብረቱ አምልጦ ወደቀበት፤ ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ። ለበረኛ እጅ ማለት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ጽሑፉ ውስጥ ይህ ነገር አንድም ቦታ የለም። «ዕድለኛ» የሚል ርዕስ ይዞ ይህን መዝለል ትንሽ ይከብዳል።

ከዚያ በውሰት ብሬንትፎርድ ሄደ። የዛሬው ብሬንትፎርድ አይምሰላችሁ፤ ያኔ በሦስተኛው እርከን የሚጫወት ክለብ ነበር። እዚያ 28 ጨዋታ አደረገ። የመጀመሪያ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታው ዲሴምበር 13 ቀን 2010 ነው። የት መሰላችሁ? ኦልድ ትራፎርድ። ፓርክ ጂ ሱንግ አንድ አገባበት፣ ሩኒ ፔናሊቲ ወደ ሰማይ ሰደደ፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ልጁ ግን 20 ዓመቱ ሆኖ እዚያ ሜዳ ላይ እንደ ቤቱ ነበር። አባቱ ያወረሰው ነገር ካለ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሲጋራው። ይሄኛውን አልከራከርም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ሳውዝሃምፕተን ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ሼዝኒ መጥፎ ቀን ነበረው። ከጨዋታው በኋላ ሻወር ውስጥ ሲያጨስ ተያዘ። 20 ሺህ ፓውንድ እንደተቀጣ በጊዜው ተዘግቧል። ቦታውን ለሌላው በረኛ ለኦስፒና ለቀቀ። ጥፋት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ግን ጽሑፉ «ሲጋራዋ የአርሰናል ሕይወቱን በዚያች ቀን ቋጨች» ይላል። አልቋጨችም። በዚያው ዓመት ሜይ 30 ዌምብሌይ ላይ አስቶን ቪላን 4 ለ 0 ደቁሰን ኤፍኤ ካፕ ስናነሳ በረኛው ሼዝኒ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የ2013/14 ውድድር ዓመት ደግሞ በ16 የሊግ ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር የወርቅ ጓንቱን ከቼልሲው በረኛ ከፔትር ቼክ ጋር እኩል ተጋርቷል። በ2015 ክረምት አርሰናል ማንን አመጣበት? ፔትር ቼክን! ጓንቱን የተጋራውን ሰውዬ። ይሄ ዕድል ከሆነ ለማንም አልመኘውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ከአርሰናል ልውጣ። በ2011/12 ሊጉን 38ቱንም ጨዋታ የተሰለፈው እሱ ነው። ያ ዓመት እንዴት እንደጀመረ ታስታውሳላችሁ፤ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2። ስምንት ሲገባበት 21 ዓመቱ ነበር። ብዙ ወጣት በረኛ ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ አይመለስም። እሱ በቀጣዩ የሊግ ጨዋታ ስዋንሲ ላይ ምንም ሳይገባበት 1 ለ 0 አሸነፍን። የገባችው ብቸኛ ግብ እንኳ የስዋንሲው በረኛ ቮርም ኳስ ሲወረውር የገዛ ተከላካዩ ተረከዝ ላይ ነጥራ የመጣች ነበረች። የበረኛ ኑሮ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሳምንት ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው።

«ጠንካራ ቡድን እየመረጠ ዋንጫ ለቀመ» የተባለው ግን አስቆኛል። ከአርሰናል የሄደው የት ነው? ሮማ፣ ያውም በውሰት። ሮማ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ዋንጫ አነሳች? ምንም። ለቃሚ ከሆነማ አለቃቀም አያውቅበትም።

ይልቅ ሮማ ላይ የሆነውን ነገር ልንገራችሁ፤ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይሄ ነው። በ2016 ክረምት ሮማ አንድ ብራዚላዊ በረኛ ገዛች። አሊሰን ቤከር ይባላል። አዎ፣ ያው አሊሰን፤ በኋላ ሊቨርፑል የበረኛ ዋጋ ሪከርድ ሰብሮ የወሰደው። በዚያ ዓመት አሊሰን በሴሪ አ ስንት ጨዋታ ተሰለፈ? ዜሮ። ዋንጫና አውሮፓ ሲሆን ይገባል፣ ሊጉ የሼዝኒ ነው። ሮማ 87 ነጥብ ሰብስባ ሁለተኛ ወጣች። በውሰት የመጣ፣ የራሱ ክለብ የማይፈልገው በረኛ፣ አሊሰንን ለአንድ ሙሉ የሊግ ዓመት ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጸሐፊው ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም። ለክርክራቸው ስለማይመች የተዉት ይመስለኛል።

በ2017 ዩቬንቱስ ገዛው። ጽሑፉ «ስድስት ተከታታይ ሊግ ያነሳ ቡድን ውስጥ ገብቶ ጮማ ቆረጠ» ይላል። ስድስቱ እውነት ናቸው። ቡድኑ ያለሱም ያሸንፍ እንደነበር ማንም አይክድም። ጥያቄው ሌላ ነው። በረኛው ማን ነበር? ጂያንሉዊጂ ቡፎን። የቡፎን ተተኪ መሆን በዓለም ላይ ካሉ ሥራዎች ሁሉ ሸክሙ የሚከብድ ነው። አንድ ግብ ሲገባብህ ስታዲየሙ ሁሉ «ቡፎን ቢሆን ያድናት ነበር» ይላል። ሼዝኒ መጀመሪያ አንድ ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ሽማግሌው ሲያርፍ እየገባ ጠበቀ። በ2018 ቡፎን ፓሪስ ሲሄድ 1 ቁጥርን ወሰደ። በ2019 ደግሞ ቡፎን ተመልሶ መጣ! ሼዝኒ ቁጥሩን ልመልስልህ አለው፤ ቡፎን አልፈልግም ብሎ 77 ለበሰ፣ ተጠባባቂም ሆነ። በዚያው በ2019/20 ዩቬንቱስ 43 ግብ እየገባበት፣ ማለትም መከላከሉ እንደ ድሮው ሳይሆን፣ ዘጠነኛውን ተከታታይ ሊግ አነሳ። የሴሪ አ የዓመቱ ምርጥ በረኛ የተባለው ሼዝኒ ነው። ጥሩ መከላከል የሸፈነው በረኛ በእንዲህ ያለ ዓመት አይመረጥም።

እንግዲህ የጽሑፉ ትልቁ ነጥብ ቀረ፤ «በትልልቅ ቀናት ይጠፋል» የሚለው። እዚህ ጋ ዝርዝሩ እውነት ነው። አንድ በአንድ ልመንበት።

የ2011 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ከበርሚንግሃም ጋር። ያን እሁድ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። 89ኛው ደቂቃ ላይ ሼዝኒና ተከላካዩ ኮሸልኒ ተደናበሩ፣ ኳሷ ለኦባፌሚ ማርቲንስ ቀረች፣ ባዶ ጎል። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የማንቸስተር ደጋፊዎች ብቻ ይስቁ ነበር። ጥፋቱ የማን ነው? የሁለቱም። ከዚያ የ2012 የአውሮፓ ዋንጫ መክፈቻ ከግሪክ ጋር፣ ዋርሶ ላይ፣ በገዛ ከተማው። መጀመሪያ ሳይደርስባት የወጣላትን ኳስ ሳልፒንጊዲስ አገባ፣ ቆይቶ ያንኑ ሰው ጠልፎ በቀይ ወጣ። በምትኩ የገባው በረኛ ቲቶን የካራጎኒስን ፔናሊቲ አዳነ፤ 1 ለ 1። ይሄ ሙሉ በሙሉ የሼዝኒ ጥፋት ነው። በ2014 ባየርን ላይ ሮበንን ጥሎ የወጣበትም እንዲሁ። በ2018 ሴኔጋል ላይ ግን የቡድን ጓደኛው ክሪኮቪያክ ወደ ኋላ የመለሳት ኳስ ናት ጉዱን ያመጣችው፤ እርግጥ ሼዝኒም ቸኩሎ ወጥቷል። በ2021 ስሎቫኪያ ላይ የማክ ምት ቋሚውን መታ፣ ከሼዝኒ እጅ ነጥራ ገባች። በአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረ የመጀመሪያው በረኛ ተብሎ ተመዘገበ። እስቲ ይሄን ዕድል በሉኝ።

በነገራችን ላይ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫም የመጀመሪያውን ጨዋታ ምንም ሳይገባበት ተጫውቶ ተጎዳ። ፋቢያንስኪ ገባ፣ ፖላንድ እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄደች። ሼዝኒ ከዳር ሆኖ ነው ያየው። የፋቢያንስኪን ችሎታ አከብራለሁ፣ ግን የሼዝኒ «ዕድል» እዚያም አልነበረም።

ጽሑፉ የዘነጋቸው ቀናት አሉ። ኦክቶበር 11 ቀን 2014 ፖላንድ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጀርመን ከሦስት ወር በፊት የዓለም ዋንጫ ያነሳች ናት፤ ፖላንድ በታሪኳ አሸንፋት አታውቅም ነበር። በረኛው ሼዝኒ። ማርች 26 ቀን 2024 ካርዲፍ ላይ ዌልስና ፖላንድ ለአውሮፓ ዋንጫ ለማለፍ ተፋጠጡ፤ 120 ደቂቃ ያለ ግብ፣ ከዚያ መለያ ምት። ዘጠኝ ሰው መታ፣ ዘጠኙም ገባ። አሥረኛውን ዳንኤል ጄምስ መታ፣ ሼዝኒ አዳነ፣ አለቀ። ይሄ ትልቅ ቀን ካልሆነ የቱ ነው?

ከሁሉ በላይ ግን ኳታር። ጽሑፉ «ሜሲን አንዴ አድኖበታል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። እኔ ትንሽ እቆይበታለሁ።

የ2022 ዓለም ዋንጫ። ምድቡ ፖላንድ፣ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮ፣ ሳዑዲ አረቢያ። ከሜክሲኮ ጋር 0 ለ 0፤ ሌቫንዶቭስኪ ፔናሊቲ ሳተ፣ ሼዝኒ መረቡን አላስደፈረም። ኖቬምበር 26 ከሳዑዲ ጋር። ፖላንድ 1 ለ 0 እየመራች፣ ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ለሳዑዲ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ሳሌም አል ዳውሳሪ ነው፤ ከአራት ቀን በፊት አርጀንቲናን የጣለችውን ግብ ያገባው ልጅ። ሼዝኒ አዳነበት። ኳሷ ተመለሰች፣ ሌላው ሳዑዲያዊ ደገማት። ገና ከመሬት እየተነሳ እሷንም ወደ ላይ ገፋት። ፖላንድ 2 ለ 0 አሸነፈች።

ከአራት ቀን በኋላ አርጀንቲና። ገና 0 ለ 0 ሳለ ኳስ ልያዝ ብሎ ሲዘል እጁ የሜሲን ፊት ነካ። ዳኛው ወደ ቫር ሄደ። ሼዝኒ በኋላ ለጋዜጠኞች እንዳወራው፣ ይሄ እየታየ ሳለ «አይሰጥም» ብሎ ከሜሲ ጋር በ100 ዩሮ ተወራረደ። ተሰጠ። ውርርዱን ተበላ። ሜሲ መጥቶ መታ፤ ኳሷን ግን አላሳለፋትም። ዓለም እያየው ከሜሲ ጋር የሚወራረድ በረኛ ይፈራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ያ ጨዋታ በአርጀንቲና 2 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ። ሜክሲኮ ሳዑዲን 2 ለ 1 አሸነፈች። ፖላንድና ሜክሲኮ እኩል 4 ነጥብ። የፖላንድ ግብ ልዩነት ዜሮ፣ ሜክሲኮ የአንድ ግብ ዕዳ። በአንዲት ግብ ተለያዩ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ እነዚያ ሁለት ፔናሊቲዎች ገብተው ቢሆን ፖላንድ በሁለት ግብ ዕዳ ሻንጣዋን ታነሳ ነበር። ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ የገባችው በሁለት እጆች ነው። ያውም በ2008 በተሰበሩት።

ከ1966 ወዲህ በአንድ ዓለም ዋንጫ በጨዋታ መሃል ሁለት ፔናሊቲ (የድሮ ሰዎች ሪጎሬ ይሉታል) ያዳኑ በረኞች ከሱ በፊት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ በ2002 አሜሪካዊው ብራድ ፍሪድል፤ ሌላው በ1974 ፖላንዳዊው ያን ቶማሼቭስኪ። ቶማሼቭስኪን ታውቁታላችሁ? በ1973 እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ብራያን ክላፍ በቴሌቪዥን «ቀልደኛ» ብሎ የተሳለቀበት ነው። ያ «ቀልደኛ» ዌምብሌይ ላይ 1 ለ 1 አስወጥቶ እንግሊዝን ከዓለም ዋንጫ አስቀራት። በፖላንድ በረኛ መሳቅ የቆየ ልማድ ነው፣ ብዙም አዋጥቶ አያውቅም።

የጡረታውን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ጽሑፉ «ድራማ» ብሎታል። ኦገስት 2024 ዩቬንቱስ አዲስ በረኛ ስላመጣ ውሉ አንድ ዓመት እየቀረው በስምምነት ተለያዩ። ኦገስት 27 ቀን «ሰውነቴ ይችላል፣ ልቤ ግን የለበትም» በሚል ስሜት ጫማውን ሰቀለ። 34 ዓመቱ ነበር። ሴፕቴምበር 22 የባርሴሎናው በረኛ ቴር ስቴገን ጉልበቱን ተጎዳ፤ ኦክቶበር 2 ሼዝኒ የባርሳ ተጫዋች ሆነ። እዚህ ጋ እሺ፣ የሰው ጉዳት በር ከፍቶለታል። ለጸሐፊው አንድ ነጥብ።

ግን «ሮጦ ሄዶ ተሰለፈ» አይባልም። ሦስት ወር ወንበር ላይ ነበር፤ የተሰለፈው ኢንያኪ ፔንያ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ባርባስትሮ ከምትባል ትንሽ ቡድን ጋር ነበር። ከሳምንት በኋላ ጅዳ ላይ በሱፐር ኮፓ ፍጻሜ ምባፔን ጥሎ በቀይ ወጣ፤ ባርሳ ግን 5 ለ 2 አሸነፈ። በቻምፒየንስ ሊግ ቤንፊካ ላይ በ5 ለ 4 ጨዋታ ከራሱ ተከላካይ ከባልዴ ጋር ተላትሞ ግብ ሰጠ፣ ፔናሊቲም አስገኘ። እኔ በዚያ ምሽት «አለቀለት» ብያለሁ፣ አልዋሽም። ማርች 5 ወደዚያው ሊዝበን ተመለሱ። የባርሳው ኩባርሲ በ22ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፤ ባርሳ ከአንድ ሰዓት በላይ በአሥር ሰው ተጫውቶ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያን ቀን ሼዝኒ ያዳናቸውን ኳሶች ያየ ሰው ዕድል የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጁ ይያዛል። በመጀመሪያዎቹ 22 ጨዋታዎቹ አልተሸነፈም። ሊጉም ኮፓ ዴል ሬይም መጣ። ኢንተር በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በድምር 7 ለ 6 ማሸነፉንና ያን ጊዜ ብዙ ግብ መግባቱን አልደብቅም።

ገንዘብ ነው ለሚሉት ደግሞ፦ በ2025 ክረምት ባርሳ ሌላ በረኛ፣ ዦአን ጋርሲያን፣ ካመጣ በኋላ ነው ውሉን እስከ 2027 ያራዘመው። ተጠባባቂ እንደሚሆን እያወቀ ማለት ነው። ጋርሲያ ሲጎዳ ገባ፤ ኦክቶበር 26 ማድሪድ ላይ የምባፔን ፔናሊቲ አዳነ። ባርሳ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ይህም የበረኛ ሥራ ነው።

ሌላም ትንሽ እርማት አለኝ። ጽሑፉ ለፖላንድ የተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች 74 ይላል። 84 ናቸው። ከፖላንድ በረኞች ውስጥ ያን ያህል የተሰለፈ የለም። ቢያንስ እሷን ቁጥር ያስተካክሉልን።